ሜሽ ባሳነስኩ ቁጥር ስትረሱ እየጨመረ ነው፣ የቱን ቁጥር ልመን?

ጀማሪው_መካኒካል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሶሊድወርክስ ሲሙሌሽን (ዕቃ ጭነት ሲሸከም ምን እንደሚሆን የሚያሰላ ፕሮግራም) ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ከግድግዳ ወጥቶ ጫፉ ላይ 50 ኪሎ የሚሸከም ጠፍጣፋ ብረት ሳልኩ፣ ርዝመቱ 200፣ ስፋቱ 50፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ። ግድግዳው ጋር ያለውን ፌስ (ገጽ) ፊክስድ፣ ማለትም በየትም አቅጣጫ እንዳይንቀሳቀስ አደረግኩትና ጫፉ ላይ 500 ኒውተን ወደ ታች ሰጠሁት። መጀመሪያ ከፍተኛው ስትረስ (ብረቱ ውስጥ በስፋቱ ልክ የሚያርፈው ኃይል) 130 ሜጋፓስካል አካባቢ ሆነ፣ ሜሹን (ፕሮግራሙ ሞዴሉን የሚከፋፍልባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) ሳሳንሰው 160፣ ደግሜ ሳሳንሰው 200 አለፈ። የብረቱ ይልድ (በቋሚነት መጣመም የሚጀምርበት ስትረስ) 250 ስለሆነ ጨንቆኛል እባካችሁ።

ብየዳና_ስሌት፦
ወንድሜ ቀዩ ቦታ (ከፍተኛው ስትረስ የሚታይበት) ፊክስድ ያደረግከው ፌስ ጠርዝ ላይ ነው አይደል? እሱን ቁጥር ተወው። ብረት ሲሳብ ወደ ጎን መቅጠን ይፈልጋል፣ አንተ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ ስላሰርከው እዛ ጠርዝ ላይ ስትረሱ ማቆሚያ የለውም፣ ሜሽ ባሳነስክ ቁጥር ይጨምራል። መጀመሪያ በእጅህ አስላው፣ ሞመንቱ (ብረቱን የሚያጥፈው፣ ኃይል ሲባዛ በርቀት) 500 ሲባዛ በ200 ማለት 100,000 ኒውተን ሚሊሜትር ነው፣ እሱን በ6 አባዝተህ ለስፋቱ ሲባዛ በውፍረቱ ስኩዌር (5,000) ስታካፍለው 120 ሜጋፓስካል ይመጣል። አሁን ከግድግዳው 20 ሚሊ ራቅ ብለህ ላዩን ፕሮብ አድርገው (የዛን ነጥብ ስትረስ አንብበው)፣ 108 አካባቢ መሆን አለበት፣ ጫፉም ወደ 1.6 ሚሊ ይወርዳል። ሪአክሽን ፎርሱንም (የታሰረው ፌስ መልሶ የሚይዝበትን ኃይል) እይ፣ 500 ካልሆነ ሎዱ (የሰጠኸው ጭነት) ላይ ስህተት አለ፣ 50 ኪሎን 50 ኒውተን ብሎ የሚያስገባ ብዙ ሰው ነው ያየሁት።

ጀማሪው_መካኒካል፦
በጣም አመሰግናለሁ!! 20 ሚሊ ላይ 107.8 አገኘሁ፣ ሪአክሽኑም 500 ነው። ግን ጠርዙ ላይ ያለው ቀይ እንዲጠፋ ፌሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ባስረውስ ብዬ ሞከርኩና ሞዴሉ አልተረጋጋም ብሎ ቆመ

ብየዳና_ስሌት፦
ወደ ታች የሚይዘው ነገር ስለሌለ ነዋ፣ ሎዱ ይዞት ይሄዳል። ፌሱን እንዳሰርከው ተወውና መሃሉ ላይ በስፋቱ የሚሄድ መስመር ሰርተህ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይሄድ እሰረው፣ ከዛ አንድ ነጥብ ወደ ጎን እንዳይሄድ ያዝ፣ በቃ። ጎኑ በነፃነት ይቀጥናል። መስመሩ አጠገብ የሚወጣውን ቁጥር ግን አትመነው።

ቶርክ፦
ይሄ ሁሉ ልክ ነው ግን እኔን የሚያሳስበኝ እውነተኛው ብረት እንዴት ነው የሚታሰረው የሚለው ነው፣ ፊክስድ ማለት እኮ ቅንጣት የማይነቃነቅ ግድግዳ ማለት ነው። በቦልት ከሆነ የሚታሰረው ከላይ ያለው ቦልት ይሳባል ከታች ግድግዳው ይገፋል፣ ከላይ በኩል ፕሌቱ (ብረቱ ተበይዶበት ግድግዳው ላይ በቦልት የሚታሰረው ሳህን) ከግድግዳው ትንሽ ይላቀቃል፣ ፌሱን ሙሉ ካሰርከው ይሄንን በጭራሽ አታየውም። የሚሰበረው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዛው ብየዳው ወይ ቦልቱ ጋ ነው። ስለዚህ ፕሌቱንም የቦልት ቀዳዳውንም ሳላቸው፣ ግድግዳውን ኮንታክት (የሚነካካ ግን መላቀቅ የሚችል) አድርገው። ሎዱንም አንድ ነጥብ ላይ አትስጠው፣ ዕቃው የሚያርፍበትን ቦታ ያህል ፌስ ከፍለህ እዛ ላይ ዘርጋው።