የቢሮ ኢሜይል፦ ከአውትሉክ 2016 ወደ ምን ልቀይር?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ 30 ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ ኔትወርኩን የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ፣ ሁሉም ላይ ያለው የማይክሮሶፍት ኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክ 2016 ነው፣ ባለፈው ሳምንት ሂሳብ ክፍል ያለችው ልጅ በኢሜይል የመጣላትን "ኢንቮይስ" የሚል ዚፕ (የታመቀ ፋይል) ከፈተችና ውስጡ የነበረው ቫይረስ ፋይሎቿን በሙሉ ቆለፈባት፣ ሮጬ ኬብሉን ባልነቅለው ሰርቨሩም አይተርፍም ነበር። ታንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ይሻላል ወይስ ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦ ወንድሜ የ2016ቱ ሰፖርት እኮ ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ አብቅቷል፣ ከዛ ወዲህ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ይደፈናል ብለህ አትተማመን፣ ስለዚህ መቀየሩ ግድ ነው። ታንደርበርድ ነፃ ነው፣ መልእክቱ ውስጥ ከውጭ የሚጫኑ ምስሎችንም ራሱ ብሎክ ያደርጋል፣ ግን ሰው ዚፕ ልክፈት ካለ አያስቆመውም።

መልስ 2፦ ሰዎቹ በአድሚን አካውንት (ፕሮግራም እንደፈለጉ የመጫን ሙሉ ፈቃድ ባለው) እየሰሩ ከሆነ የትኛውም ሶፍትዌር አያድንህም። መጀመሪያ እሱን ንጠቃቸው፣ ይጮሁብሃል፣ ቻለው። ከዛ ሜይል ሰርቨሩ ላይ ዚፕ ውስጥ የተደበቀ ኢኤክስኢና ጄኤስ ፋይል (ሲከፈት እንደ ፕሮግራም የሚሰራ) እንዳያልፍ አድርግ፣ አንድ ባካፕ ደግሞ ከኔትወርኩ የተነቀለ ዲስክ ላይ ይኑርህ፣ የተሰካውን ቫይረሱ እሱንም ይቆልፈዋል።

ጠያቂ፦ ኧረ ሁሉም አድሚን ናቸው 😅 ፕሪንተር ጫንልን እያሉ ሲጠሩኝ ሰልችቶኝ እኔው ነኝ የሰጠኋቸው

መልስ 2፦ በል እንግዲህ ዛሬውኑ ከዛ ጀምር