ተጠቃሚ ስቀይር ተርሚናሉ ደርቆ ይቀራል

ተረኛው፦ ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት ሰርቨር አለን፤ አንዱ ዴቢያን 9 የሚባለው ሊኑክስ፣ ሌላው ዴቢያን 12። አዲሱ ላይ ከራሴ አካውንት «ሪፖርት» ወደሚባለው ተጠቃሚ በኤስዩ (ተጠቃሚ መቀየሪያው su ትእዛዝ) ስቀየር ፓስዎርዱን ወዲያው ይቀበልና ድርቅ ይላል። ፕሮምፕቱ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስመር) የሚመጣው ከሦስት ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። ሰረዝ ጨምሬ (su -) ስቀየር ግን ፍጥን ብሎ ይገባል። የሚገርመው አሮጌው ላይ ያለ ሰረዝም ችግር የለም፤ ትእዛዝ ተቀባዩ ሼል ባሽ ሲከፈት የሚያነባቸው የባሽአርሲ ፋይሎች ደግሞ ሁለቱም ላይ አንድ ናቸው። ሲፒዩውም ሜሞሪውም ነፃ ነው። ምን ይዞት ነው?

ኔትወርክ ሰፈር፦ የማሽኑ ስም ሆስትስ ፋይል (ስምና አድራሻ የሚመዘገብበት) ውስጥ አለ? ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) ሲጠፋ ሱዶም (ትእዛዝ በሌላ ተጠቃሚ ስም የሚያስኬደው) እንዲህ ይንቀራፈፋል።

ተረኛው፦ አለ። ደግሞ ዲኤንኤስ ቢሆን ሰረዝ አያድነኝም ነበር።

ጥቁር ተርሚናል፦ ሰረዙ ነግሮሃል እኮ! ሰረዝ ካለ ኤስዩ ያንተን ኤንቫይሮመንት (ሼሉ የያዛቸውን ቅንብሮች) ጥሎ በአዲስ ይጀምራል። ከሌለ ሆምንና ሼልን፣ የተጠቃሚ ስምንም ቀይሮ የቀረውን ይዞት ይሻገራል፤ ፓዝህንም ጭምር፣ ማለትም ትእዛዝ የሚፈለግባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር። እስቲ ፓዝህን በኢኮ አውጥተህ ጫፉን እየው። በራስህ አካውንት ደግሞ የሌለ ትእዛዝ ጻፍ፤ ዝም ብለህ ፊደል ደርድር። ከደረቀ ሌባው ተያዘ።

ተረኛው፦ ደረቀ! ዲኤፍም (የዲስክ ቦታ የሚያሳየውን ትእዛዝ) ስል እንደዚሁ ነው። ፓዙ ጫፍ ላይ የድሮው የፋይል ሰርቨር ፎልደር አለ፤ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ስክሪፕቶቹን እዚያ ያስቀምጥ ነበር። ሰርቨሩ ራሱ ባለፈው ወር ተነቅሎ ተወስዷል። ማውንቱ (ፎልደሩን ከእኛ ማሽን ጋር ያገናኘው) ግን እስካሁን ተንጠልጥሏል።

ጥቁር ተርሚናል፦ ያው ነው። አንተ የምትጠራቸው ትእዛዞች ቀደም ብለው ስለሚገኙ ባሽ እስከ ጫፍ አይሄድም። የ«ሪፖርት» ባሽአርሲ ግን ያልተጫነ ፕሮግራም የሚጠይቅ መስመር ይኖረዋል። የሌለ ነገር የሚፈልግ ሰው የሰፈሩን በር ሁሉ ያንኳኳል፤ የመጨረሻው ቤት ደግሞ ሰው የለበትም። ሦስቱ ደቂቃ ኤንኤፍኤስ (ፎልደርን በኔትወርክ የሚያጋራው) ተስፋ እስኪቆርጥ ነው፤ ሶፍት ማውንት ስለሆነ ተመስገን በል። ሃርድ ቢሆን ሰርቨሩ እስኪመለስ ዝም ነው።

አሮጌው የተረፈው እስከ ዴቢያን 9 ድረስ ኤስዩ ያለ ሰረዝም ፓዝን ራሱ ይተካ ስለነበር ነው። በ2019 የወጣው ዴቢያን 10 ኤስዩን ዩቲል ሊኑክስ ከሚባለው የፕሮግራሞች ጥቅል ወሰደና ያ ነገር ቀረ። ያኔ ስንቱ ነው ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) ሆኖ ኤስቢን (የአስተዳዳሪ ትእዛዞች ፎልደር) ውስጥ ያለ ትእዛዝ «አልተገኘም» ሲባል የተናደደው!

ተረኛው፦ ኮንዳ (ፕሮግራም መጫኛ መሣሪያ) መኖሩን የሚጠይቅ መስመር አገኘሁ፤ ኮንዳ የሚባል ነገር ግን የለንም። የእኔን ባሽአርሲ አስተካክዬ እንደገና ሎግኢን ሳደርግ ፈጠነ። ቲሙክስ (ሼሎችን ከፍቶ የሚያቆይ ፕሮግራም) ውስጥ ግን አሁንም ይደርቃል።

ኔትወርክ ሰፈር፦ የተከፈተ ሼል የያዘውን ፓዝ አይለቅም። ማውንቱን ራሱን በዩማውንት ንቀለው፤ ካስቸገረ ሰረዝ ኤል ጨምርበት። ያኔ አሮጌው ፓዝ ባዶ ፎልደር አግኝቶ ያልፋል። ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚገናኙት ማውንቶች ዝርዝር) ውስጥ ያለችውንም መስመር አጥፋት፣ ሪስታርት ስታደርግ እንዳታስቸግርህ። ሩት ስትሆን ታዲያ በሰረዝ ግባ።