ሳን አንድሪያስ መብራት ከጠፋበት ወዲህ አልከፍት አለ

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ? የ2005ቱ የፒሲ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ነው፣ ዊንዶውስ 10 ላይ። ጌሙ ክፍት እያለ መብራት ጠፋ። አሁን ስከፍተው ስክሪኑ አንዴ ይጠቁርና ወደ ዴስክቶፕ ይመልሰኛል። አጥፍቼ እንደገና ብጭነውም ያው ነው። ሴቬ (የደረስኩበት የጌም ደረጃ የተቀመጠበት) ሳይጠፋ መፍትሔ አለው?

መልስ 1፦
እንደገና መጫን አይፈታውም፤ የተበላሸው ፋይል ያለው ጌሙ በተጫነበት ፎልደር ሳይሆን ዶክመንትስ ውስጥ ነው። እዚያ «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ዩዘር ፋይልስ» የሚለውን ክፈት። መጀመሪያ ፎልደሩን ሙሉውን ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ አድርግ። ከዚያ ታስክ ማናጀር ላይ ጌሙ አለመኖሩን አረጋግጥና «ጂቲኤ_ኤስኤ» ተብሎ በ«ሴት» (.set) የሚያልቀውን የሴቲንግ ፋይል ስሙን ቀይረው። ጌሙ ሲያጣው ራሱ አዲስ ይሠራል። ሴቭህ ሌላ ፋይል ነው፤ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ይዞ በ«ቢ» (.b) ፊደል የሚያልቀው። እሱን አትንካ!

መልስ 2፦
ፋይሉን በኖትፓድ ከፍተህ ለማረም እንዳትሞክር፤ ባይነሪ (በጽሑፍ መልክ የማይነበብ) ስለሆነ የባሰ ይበላሻል። ሪዞሉሽን፣ ድምፅና የኪቦርድ ምርጫህ ወደ መነሻው ስለሚመለሱ ከሜኑው እንደገና አስተካክል። ፍሬም ሊሚተርን (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት የሚገድበውን) ግን አታጥፋ፤ ውሃ ውስጥ መዋኘቱና የመኪናው አነዳድ ይዛባል።

መልስ 3፦
አዲሱ ፋይል ካልተፈጠረ ጌሙ ዶክመንትስ ላይ እንዳይጽፍ ተከልክሎ ሊሆን ይችላል። አንዱ ምክንያት ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ያለው «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ከማጥፋት ለጌሙ ብቻ ፍቀድለት።

ጠያቂው፦
ስሙን ስቀይረው ከፈተ፣ ሴቩም አለ። እግዜር ይስጥልኝ።