ማሪን ቤታዬ ከሕያው ሽሪምፕ በቀር አልበላም አለ

በ400 ሊትር የጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ 12 ሴንቲሜትር የሚሆን ማሪን ቤታ የተባለ የባሕር ዓሣ አለኝ። ከገባ አምስት ሳምንት ሆነው። አብረውት ክላውንፊሽ የተባሉ ሁለት ዓሦችና አንድ ቢጫ ታንግ የተባለ ዓሣ ይኖራሉ። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የጨው መጠኑ በአንጻራዊ እፍጋት ሲለካ 1.025፣ ዓሣ የሚመርዙት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ናቸው።

ቀኑን ሙሉ ከድንጋዩ ዋሻ አይወጣም። ስጠጋው ጭንቅላቱን ቀብሮ ጅራቱን ወደ እኔ ይዘረጋል፤ በጀርባ ክንፉ መጨረሻ ላይ ያለችው ዓይን መሳይ ነጥብ ሞሬይ የተባለውን እባብ መሳይ ዓሣ ታስመስለዋለች። ይህ ተፈጥሯዊ መከላከያው ስለሆነ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሆዱ ነው፤ በዚህ ሳምንት ከጎን ሲታይ ወደ ውስጥ ገብቷል።

እስካሁን የበላው በሕይወት ያለ ትንሽ ሽሪምፕ ብቻ ነው፤ እሱንም መብራቱ ከጠፋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። በረዶ የሠራ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሳይ ትንሽ የውሃ እንስሳ) አቅልጬ በረጅም ወረንጦ አቀረብኩለት። ክንፎቹን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ ጎኑን ሰጥቶ ቀስ ብሎ ቀረበ፤ አፍጥጦ አየውና ወደ ዋሻው ተመለሰ። ምግቡን በቀጭን ቱቦ ወደ ዋሻው አፍ ስለቅለት ደግሞ ታንጉ ቀድሞ ይጠርገዋል። ሌሎቹን አስቀድሜ ባጠግባቸውም ለውጥ የለም።

ወደ ሌላ ገንዳ ማዛወር ዋሻውን ማፍረስ ይጠይቃል፤ እንዲህ ለሚፈራ ዓሣ ይህን ማድረግ አልፈልግም። ማሪን ቤታን ከቤቱ ሳታወጡ ከሕያው ሽሪምፕ ወደ ሞተ ምግብ ያሸጋገራችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁት?