ግድግዳ ላይ የጻፈ ሁሉ ወህኒ? (በጽሑፍ የተደረገ የሰፈር ክርክር፣ ደብረ ብርሃን)

የጠባሴዋ፦
ሰሞኑን እዚህ ጠባሴ ሰፈራችን ስብሰባ ነበር። የተጠራነው ለውሃና ለመብራት ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ኃላፊ ተነሳና "ከእንግዲህ ግድግዳ ላይ ሲጽፍ የተያዘ፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ ወህኒ ይወርዳል። ሲንጋፖር የጸዳችው በዚህ ነው" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ታጥሮ አለቀ። ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚውሉበት ቦታ የላቸውም። አሁን አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አጥር ላይ "አርሰናል" ብሎ ስለጻፈ ይታሰር? አንድ ባልዲ ኖራ ለሚያጠፋው ነገር? ያጨበጨባችሁ ሰዎች እዚህ ካላችሁ አስረዱኝ።

ባለሱቁ፦
አለሁ፣ አጨብጭቤያለሁ። "አንድ ባልዲ ኖራ" ያልሽውን ግን ማን ይሸከመው? ኖራውን ማን ይግዛ? ቀቢውን ማን ይክፈል? የሱቄን በር ለፋሲካ አስቀባሁት። በዓሉ ሳያልፍ በጥቁር ስፕሬይ ከላይ እስከ ታች ተሞነጫጭሮ አገኘሁት። ላንቺ ባልዲ ነው፣ ለኔ የወር ኪራይ ነው።

የጠባሴዋ፦
ወንድሜ፣ በርህ መበላሸቱ ያሳዝናል። ጥያቄዬ ስለ ወህኒ ነው። ልጁ ቢታሰር በርህ ይጸዳል?

ባለሱቁ፦
ባይታሰርም አልጸዳም። ቢታሰር ግን ጓደኛው አይደግመውም።

ቀለም ቀቢው፦
በዚህ ስራ ነው የምተዳደረውና ስለ ኖራው አንድ ነገር ልበል። ስፕሬይ በኖራ አይጠፋም። ትቀባበታለህ፣ ሲደርቅ ጽሑፉ ከስር ይታያል። ቆርቆሮ በር ላይ ደግሞ ኖራ ጭራሽ አይዝም። በቲነር ማሸት አለብህ፣ ያኔ የድሮው ቀለምም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ በሩን ሙሉ መቀባት ነው። ጠመኔና ከሰል ከሆነ ግን ውሃና ብሩሽ ይበቃል። "ግድግዳ ላይ ጻፈ" ብላችሁ አንድ ላይ አትጨፍልቁት። በምን ጻፈ? በምን ላይ ጻፈ? ጉዳቱ ከዚያ ይጀምራል።

ባለሱቁ፦
ይኸው! የባለሙያ ቃል። ባልዲው የት ገባ?

መምህሩ ከመንዝ፦
ሲንጋፖርን የጠቀሰው ኃላፊ ህጉን ያነበበው አይመስለኝም። የሲንጋፖር የንብረት ማበላሸት ህግ የወጣው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ገንዘብ መቀጮ አለው፣ እስከ 3 ዓመት እስራት አለው፣ ከ3 እስከ 8 የሚደርስ የአርጩሜ ግርፋትም አለው። ግን ያው ህግ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀጣ ሰው በእርሳስ፣ በጠመኔ ወይም በሌላ በሚለቅ ነገር ከጻፈ አይገረፍም ይላል። በጭካኔው ስሙ የሚነሳው አገር እንኳ ቀለሙን ይለያል። የእኛ ሰው "ሁሉም ወህኒ" አለ።

ባለሱቁ፦
መምህር፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን ለኔ ነው የተከራከሩልኝ። የኔ በር በጠመኔ አልተጻፈም። በ1994 እ.ኤ.አ. ያ አሜሪካዊ ወጣት በሲንጋፖር መኪኖች ላይ ስፕሬይ ነፍቶ ተገርፎ የለ? ፕሬዚዳንት ክሊንተን ራሳቸው ለምነው እንኳ አልቀረለትም።

መምህሩ ከመንዝ፦
ግርፋቱ ከ6 ወደ 4 ዝቅ አለለት። ያ ወጣት 18 ዓመቱ ነበር። እኛ የምናወራው ስለ 13 ዓመት ልጅ ነው። በዚያ ላይ ሲንጋፖር ውስጥ ውሃ የማይደርሰው ሰፈር የለም። ከዚያ አገር ግርፋቱን ብቻ መርጦ ማምጣት ለኔ አይዋጥልኝም። ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ሳስተምር። በአርጩሜ የታረመ ተማሪ አላየሁም። ከመምህር ጋር ቆሞ የጻፈውን ያጠበ ግን ሲመለስ አላየሁትም።

የህግ ተማሪዋ፦
ሁላችሁም "ይታሰር፣ አይታሰር" ትላላችሁ፣ ህጉ ግን ተጽፏል። አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የ1996ቱ የወንጀል ህግ አንቀጽ 689፣ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ያደረሰ ሰው በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል ይላል። የሚከሰሰውም ባለንብረቱ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው። ቀላል እስራት በመርህ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ከባድ የሆነው ጉዳት ቀጥሎ በ690 አለ። ልጆችን በተመለከተ ደግሞ ከ9 ዓመት በታች ያለ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለ በእንዲህ ዓይነት ጥፋት ወህኒ አይወርድም፤ ተግሳጽ፣ ክትትል፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት፣ ቢብስ የጠባይ ማረሚያ ተቋም ነው። እንግዲህ ኃላፊው "ልጅም ይሁን" ያሉት ከህጉ ውጭ ነው። ስልጣኑም የእሳቸው አይደለም፣ የፍርድ ቤት ነው።

የጠባሴዋ፦
እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ይህን ስብሰባው ላይ የሚናገር ሰው አጣን።

ባለሱቁ፦
ህግ ተማሪዋ፣ ታዲያ የኔን በር ማን ይክፈል? ከ9 እስከ 15 ከሆነ "ተግሳጽ" ነው። ተግሳጽ ቲነር አይገዛም።

የህግ ተማሪዋ፦
የፍትሐ ብሔር ህጉን ያንብቡ፣ የ1952ቱን። አንቀጽ 2124፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት ኃላፊ ነው ይላል። የሚከፍልዎት አባቱ ነው።

ባለሱቁ፦
ይኼን ነበር የምፈልገው! አባት ይክፈል። ወህኒውን ተዉት፣ አባት ይክፈል።

የጠባሴዋ፦
አባት ይክፈል? አባት የሌለውስ? እኔ ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው። ከብርድ ልብስ ፋብሪካው የማታ ፈረቃ ስወጣ ልጄ ተኝቷል፣ ስነቃ ትምህርት ቤት ሄዷል። በማላየው ሰዓት ለሠራው ቤቴን ልሽጥ?

የህግ ተማሪዋ፦
አባት ከሌለ ልጁን በሥልጣኗ ስር የምታሳድግ እናት ትተካለች። በትምህርት ሰዓት ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ይዞራል።

መምህሩ ከመንዝ፦
ጨረሽው! የኖራውም፣ የቲነሩም፣ የካሳውም ሂሳብ ጠመኔ መግዣ ላጣ ትምህርት ቤት።

የህግ ተማሪዋ፦
መምህር፣ ህጉን እኔ አላወጣሁትም። ያለውን ነው የነገርኳችሁ። ሳይነበብ ሲጨበጨብ ነው ሰው የሚጎዳው።

ሾፌሩ ከደብረ ሲና፦
ቆይ ቆይ። ልጅ፣ ልጅ፣ ልጅ ትላላችሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ በዚህ መንገድ እመላለሳለሁ። ግድግዳ ሁሉ ላይ ትልቁን ጽሑፍ የጻፈው ማን ነው? "ሽንት ቤት እንመጥጣለን"፣ "ጂፕሰም እንሠራለን"፣ "የሚሸጥ ቦታ"፣ ከስሩ ስልክ ቁጥር። ሸኖ አለ፣ ጫጫ አለ፣ ደብረ ብርሃን መግቢያው ላይ አጥር ሙሉ አለ። ይኼ ልጅ የጻፈው ነው? ወንጀለኛው ስልኩን አስቀምጦ የሄደበት ሌላ ወንጀል ታውቃላችሁ? ደውሎ መያዝ ነው። እስከ ዛሬ ግን የደወለ አላየሁም። "አርሰናል" ያለው ልጅ ይያዛል፣ ነጋዴው በዚያው ቁጥር ስራ ይቀበላል።

የጠባሴዋ፦
ኡፍ፣ አንጀቴን አራስከው። ጽሑፉ ሲጠቅም ማስታወቂያ ነው፣ ድሃ ልጅ ሲጽፈው ወንጀል ነው።

ባለሱቁ፦
ነጋዴን ሁሉ አንድ ላይ አትክመሩ። እኔ ግድግዳ ላይ ጽፌ አላውቅም።

ሾፌሩ ከደብረ ሲና፦
የሱቅህ ወረቀት የመብራት ምሰሶ ላይ የለም?

ባለሱቁ፦
ወረቀት ነው! ዝናብ ያነሳዋል። ቀለም አይደለም።

ሾፌሩ ከደብረ ሲና፦
የጠመኔውንም ዝናብ ያነሳዋል ወንድሜ። ቅድም ስለ ጠመኔ ስትሰማ ዝም አልክ።

የአንኮበር ልጅ፦
እናንተ ስለ ቆርቆሮ በር ትጣላላችሁ። እኛ ጋ የምኒልክ ግቢ ፍርስራሽ አለ። ሰው ከሩቅ እየመጣ ድንጋዩን በምስማር ፍቆ ስሙንና የፍቅረኛውን ስም ይጽፋል። ለዚህ ኖራ ይቀባበታል? ቲነር ይፈስበታል? የተፋቀ ድንጋይ የሚመለስበት መንገድ የለም። እኔ ለዚህ ወህኒ ያስፈልጋል እላለሁ፣ አላፍርም። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሆን ብሎ ላበላሸ ጽኑ እስራት አስቀምጧል። የሱቅ በር ካሳ ይበቃዋል። አንኮበርን ግን በምን ትክሳላችሁ?

መምህሩ ከመንዝ፦
በዚህ እስማማለሁ። ሆኖም እዚያ የሚፍቁት ጎብኚዎች ናቸው፣ ዕድሜያቸው የደረሰ፣ መኪና ያላቸው። ለእነሱ ህጉ ይንቃ።

ቀለም ቀቢው፦
የጣርማበር ዋሻስ? ግንቡ ላይ ቀለም ቢቀባ እንደ ቅርስ ነው ወይስ እንደ ተራ ግንብ?

የአንኮበር ልጅ፦
ጣልያን የሠራው ዋሻ ነው፣ ምን ቅርስ አለው? አንኮበርን ከወራሪ ሥራ ጋር አታነጻጽር።

ሾፌሩ ከደብረ ሲና፦
እንዴት ነው የምታወራው? የዋሻው መንገድ ስንት ዓመት ሙሉ ወሎንና ሸዋን አገናኘ። ማንም ይሥራው፣ አሁን የኛ ነው። ጭጋግ ሲወርድ በዚያ ዋሻ ውስጥ ስታልፍ ታውቀዋለህ።

የአንኮበር ልጅ፦
መጠቀምና ማክበር ይለያያል። መንገዱን እጠቀማለሁ፣ የወራሪን ሥራ ግን ቅርስ ብዬ አልጠራም። የአርበኛ ልጅ ነኝ።

ሾፌሩ ከደብረ ሲና፦
እኔስ የማን ልጅ ነኝ? አርበኝነት ለአንኮበር ብቻ ተሰጠ?

የህግ ተማሪዋ፦
ቅርስ መሆኑን የሚወስነው ማን ሠራው የሚለው አይደለም። ደግሞም ቅርስ ባይሆን እንኳ የመንግስት ንብረት ነው፣ 689ም 690ም አለ። ወደ ነገሩ እንመለስ።

የአጣዬ ልጅ፦
አነበብኳችሁ። አልጽፍም ብዬ ነበር። በ2013 ከተማዬ ተቃጥላለች። ቤት፣ ሱቅ፣ የሰው ዕድሜ ልክ ልፋት አመድ ሆነ። እኔ ለተቃጠለብኝ አቤት ስል ቆይቻለሁ፣ ካሳ የሚባል እስከ ዛሬ በእጄ አልገባም። አሁን ስብሰባ ላይ ቆሞ ግድግዳ ላይ የጻፈ ልጅ ወህኒ ይወርዳል የሚል ሰው ስሰማ፣ የንብረት ህግ ለማን እንደሚሠራ እጠይቃለሁ። ከትልቁ ጀምሩ።

ባለሱቁ፦
ወንድሜ፣ ያንተ ሐዘን የሁላችንም ነው። ግን ትልቁ አልተቀጣም ተብሎ ትንሹ ይለቀቅ?

የአጣዬ ልጅ፦
ይለቀቅ አላልኩም። ከትልቁ ጀምሩ ነው ያልኩት። አቅም የሚገኘው ልጅ ላይ ብቻ ከሆነ ህግ አትበሉት።

የጠባሴዋ፦
ይኼን ነው እኔም ለማለት የፈለግኩት፣ ቃሉ ጠፍቶኝ ነው።

መምህሩ ከመንዝ፦
እስቲ የሚሠራውን እንናገር። የወንጀል ህጉ በአንቀጽ 103 የግዴታ ሥራ የሚባል ቅጣት አለው። ቀላል ጥፋት ላጠፋ፣ ለህብረተሰቡ አደገኛ ላልሆነ ሰው በእስራት ፋንታ ከ1 ቀን እስከ 6 ወር። ለአዋቂዎቹ ይህ ይዋል። ለልጆቹ ደግሞ ከነወላጃቸው፣ ባለበሩ ባለበት፣ በሽማግሌ ፊት ያጽዱ። ጥፋቱ በአቤቱታ የሚከሰስ ከሆነ ባለንብረቱ ታርቆ አቤቱታውን መተው ይችላል። የኛ አገር ሽምግልና ይህን ያውቅበታል።

ባለሱቁ፦
ሽማግሌ መጣ፣ ቡና ተጠጣ፣ "ልጅ ነው ተወው" ተባለ፣ እኔ ራሴ ቀባሁ። ሁለቴ ሆኖብኛል መምህር። ሽምግልና ማለት እዚህ ሰፈር ውስጥ የተበደለው ይቅር በል ማለት ሆኗል።

መምህሩ ከመንዝ፦
እንግዲያው ሽማግሌዎቹን እንውቀስ። ካሳ ያልቆረጠ ሽምግልና ሽምግልና አይደለም።

ሾፌሩ ከደብረ ሲና፦
እኔ አሁን ደወልኩ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ አጥር ላይ ካነበብኩት ቁጥሮች አንዱ ጋ። "ግድግዳ ላይ ማን ጻፈልህ?" አልኩት። "ልጆች ናቸው፣ ትንሽ ገንዘብ እንሰጣቸዋለን፣ ማታ ማታ ይጽፉልናል" አለኝ፣ ምንም ሳይደነግጥ። ታዲያ ማንን ነው የምታስሩት?

የህግ ተማሪዋ፦
አንቀጽ 36፣ ማነሳሳት። ሌላውን ለወንጀል ያነሳሳ ይጠየቃል።

የጠባሴዋ፦
ሰውዬው ይታሰር፣ ልጁ ይለቀቅ።

ባለሱቁ፦
ልጁም ብሩን በልቷል። ሁለቱም።

የጠባሴዋ፦
ልጁ ብሩን የወሰደው ደብተር ሊገዛበት ቢሆንስ?

ባለሱቁ፦
እኔም በሬን የምቀባው የልጆቼን ደብተር ከምገዛበት ብር ነው።

ሾፌሩ ከደብረ ሲና፦
ቁጥሩን ለደንብ አስከባሪዎች ሰጥቻለሁ። "አጥሩ የማን ነው? ባለቤቱ መጥቶ አቤት ይበል" አሉኝ። አጥሩ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?