ሻጩ የኤሌክትሪክ ጥገናውን ወጪ ከቤቱ ዋጋ አልቀንስም አለኝ

ልገዛው የተስማማሁበትን ቤት የኤሌክትሪክ መስመር በባለሙያ አስፈተሽኩ። የሶኬቶቹ ሽቦ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሆኖ ሳለ የተገጠመለት ብሬከር (መስመሩ ከመጠን በላይ ሲጫን ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው መሣሪያ) 32 አምፔር ነው፤ ሽቦው ከአቅሙ በላይ ቢግልም ብሬከሩ ኤሌክትሪኩን ላያቋርጥ ይችላል። የኩሽናው ሶኬት ሲፈታ የሽቦው ልባስ ጠቁሮ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የውሃ ማሞቂያው የመሬት ሽቦ (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይመታ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) የሌለው መሆኑ ነው።

ሪፖርቱን ከነፎቶው ለሻጩ ሰጠሁት፤ «ስንት ዓመት ኖርንበት፣ ምን ሆንን?» አለኝ። ዋጋም አልቀንስም ብሎ፣ በራሴ ሰው አስጠግናለሁ አለ። ያ ሰው ብሬከሩን ብቻ ቀይሮ ግድግዳ ውስጥ ያለውን የተጎዳ ሽቦ ቢተወውስ? ቀብድ ከፍያለሁ፤ ቀሪው ክፍያ ግን እጄ ላይ ነው። የጥገናው ወጪ ከዚሁ ተቀንሶ በሦስተኛ ወገን እጅ እንዲቆይና ገለልተኛ ባለሙያ በመሣሪያ ለክቶ ሲያረጋግጥ ብቻ እንዲለቀቅለት ሻጩን በምን መንገድ ላሳምነው?