አባ ኮዳዬ ዳክዬ ሆነብኝ፤ እርዱኝ

ሀዋሳ የሥዕል መምህር ነኝ። ከጎን ሲታይ ብቻ የሚስተካከል የተዛባ ሥዕል ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ ተቸገርሁ። ጀርመናዊው ሠዓሊ ሆልባይን እ.ኤ.አ. በ1533 «አምባሳደሮቹ» በተባለው ሥዕሉ ላይ የሣለውን የራስ ቅል ዓይነት ማለቴ ነው።

ሐይቁ ዳር የቆመ አባ ኮዳ የተባለውን ትልቅ ወፍ ሥዕል በ2 ሳንቲ ሜትር ካሬዎች ከፋፈልሁ፤ ከዚያ ወደ ራሱ በኩል እየሰፋ በሚሄድ ፍርግርግ ላይ ካሬ በካሬ ገለበጥሁት። አግድም መስመሮቹን ግን በእኩል ርቀት አሰመርሁ፤ ጥፋቴ እዚህ ይመስለኛል። ዓይኔን በጠባቡ ጫፍ፣ ወደ ወረቀቱ ዝቅ አድርጌ ሳይ እግሩ ደህና ነው፤ አንገቱ ግን ተጨፍልቆ፣ ያ ግርማ ያለው ወፍ ዳክዬ መስሏል።

የአግድሞቹ ርቀት እንዴት እያደገ ይሂድ? በሰያፍ መስመር ይገኛል ይባላል፤ ሰያፉ የሚነሣው ቋሚ መስመሮቹ ከሚገናኙበት ነጥብ ነው ወይስ ከዚያ በላይ፣ ከዓይን ከፍታ? ያለን ማስመሪያና እርሳስ ብቻ ነው፤ ክፍለ ጊዜው ደግሞ ሐሙስ ነው።